የተጣለው የት ይደርሳል? ስለ አካባቢ ብክለትና መቆጣጠሪያ መንገዶቹ

ጭስ ከማውጫው ወጥቶ ሰማይ ላይ ሲበተን አይታይም። ፍሳሽ ወንዝ ከገባ በኋላ ጥቂት እንደሄደ ቀለሙ ይደበዝዛል። ቆሻሻ የጫነ መኪና መንገዱን ሲታጠፍ ከዓይናችን ይሰወራል። ስለ ብክለት ብዙ ጊዜ የምንሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ከዓይን የራቀው ሁሉ የጠፋ ይመስለናል። ቁስ ግን አይጠፋም። ይበተናል፣ ይሟሟል፣ ይቃጠላል፣ ከሌላ ነገር ጋር ተዋህዶ መልኩን ይቀይራል እንጂ የሆነ ቦታ መድረሱ አይቀርም። ስለዚህ ብክለትን ለመረዳትም ሆነ ለመግታት ከሁሉ በላይ የሚጠቅመው ጥያቄ «ከዚያስ የት ይሄዳል?» የሚለው ነው። ይህ ማብራሪያ ያንን ጥያቄ ይከተላል። የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ብክለት የሚባለው ምኑ ነው?

አንድ ነገር፣ ወይም እንደ ድምፅና ሙቀት ያለ ኃይል፣ በማይገባው ቦታ ወይም ተፈጥሮ ልትሸከመው ከምትችለው በላይ ሆኖ ሲገኝና በሕይወት ላይ ጉዳት ሲያደርስ ብክለት ይባላል። በካይ ማለት ያንን ጉዳት የሚያደርሰው ነገር ነው። ስለዚህ በካይ ሁሉ መርዝ አይደለም፤ ወሳኞቹ መጠኑና ቦታው ናቸው። ኦዞን የተባለውን ጋዝ እንውሰድ። ከምድር በላይ ከ15 እስከ 35 ኪሎ ሜትር ባለው ከፍታ አካባቢ ሆኖ ጎጂውን የፀሐይ ጨረር ይከላከልልናል። ያው ጋዝ ከተሽከርካሪና ከፋብሪካ በሚወጡ ጋዞች ሳቢያ ከምንተነፍሰው አየር ውስጥ ሲፈጠር ደግሞ ሳንባን ይጎዳል፣ ሰብልንም ያቀጭጫል።

አንድ ልዩነት ከወዲሁ መያዝ ይጠቅማል። ብክለት አንዳንዴ ከሚታወቅ አንድ ቦታ ይወጣል፤ ከፋብሪካ ቱቦ ወይም ከጭስ ማውጫ። አንዳንዴ ግን ከሺህ ቦታ በጥቂት በጥቂቱ ይጠራቀማል፤ ዝናብ ከየማሳው የሚያጥበው ማዳበሪያ፣ ከየመኪናው የሚወጣው ጭስ፣ ከየጎማው የሚፈረፈረው ብናኝ። የመጀመሪያውን መለካትም ባለቤቱን መጠየቅም ይቻላል። ሁለተኛው ባለቤት የለውም፣ ስለዚህም ሕግ በቀላሉ አይደርስበትም። ወንዞቻቸውን ከፋብሪካ ፍሳሽ ያጸዱ አገሮች እንኳ ዛሬም ከእርሻ በሚታጠበው ማዳበሪያ የሚቸገሩት በዚህ ምክንያት ነው።

በአየር ውስጥ የሚገድለው የትኛው ነው?

ዓይን የሚያቃጥለው ጥቁር ጭስ ያስፈራናል። የበለጠ የሚጎዳው ግን የማናየው ነው። ባለሙያዎች አጥብቀው የሚከታተሉት ስፋቱ ከ2.5 ማይክሮሜትር የማይበልጠውን ደቃቅ ብናኝ ነው። አንድ ማይክሮሜትር የሚሊሜትር አንድ ሺህኛ ነው፤ የአንድ የፀጉር ዘለላ ውፍረት ከዚህ ብናኝ ወደ 30 እጥፍ ይደርሳል። ተለቅ ያለውን አቧራ አፍንጫና ጉሮሮ ይይዙታል፣ እናስነጥሰዋለን፣ እናስለዋለን። ደቃቁ ግን እነዚህን መከላከያዎች አልፎ የሳንባ የመጨረሻ ከረጢቶች ድረስ ይዘልቃል፣ ከፊሉም ወደ ደም ይገባል። የአየር ብክለት ከሳልና ከአስም አልፎ የልብ ሕመምና የአእምሮ የደም ሥር ችግር የሚያስከትለው ለዚህ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2005 የዚህን ብናኝ ዓመታዊ አማካይ መጠን በአንድ ሜትር ኩብ አየር ከ10 ማይክሮግራም እንዳይበልጥ መክሮ ነበር። በ2021 ምክሩን ወደ 5 አወረደው፤ ጥናቶች ጉዳቱ በዝቅተኛ መጠንም እንዳለ ስላሳዩ ነው። በድርጅቱ ግምት ከዓለም ሕዝብ 99 ከመቶው የሚተነፍሰው አየር ድርጅቱ ካስቀመጠው መጠን በላይ የተበከለ ነው፤ በቤት ውስጥና በውጭ የአየር ብክለት ሳቢያም በየዓመቱ ወደ 7 ሚሊዮን ሰዎች ያለ ዕድሜያቸው ይሞታሉ። ከዚህ ውስጥ ትልቅ ድርሻ ያለው የማብሰያ ጭስ ነው። ከ2 ቢሊዮን በላይ ሰዎች አሁንም በእንጨት፣ በከሰል፣ በኩበት ወይም በላምባ ያበስላሉ። ጭሱን በቅርብ ርቀት ለዓመታት የሚተነፍሱት በአብዛኛው እናቶችና በጀርባቸው ያሉ ሕፃናት ናቸው። ስለ ብክለት በተነሳ ቁጥር የፋብሪካ ሥዕል ብቻ የሚመጣብን ከሆነ እነዚህን ሰዎች ረስተናቸዋል።

ከፍ ያለ ጭስ ማውጫ መፍትሔ አይሆንም?

ይህን በተግባር የሞከሩት እንግሊዛውያን ናቸው። በታኅሣሥ 1952 ለንደን ላይ ለአምስት ቀን ነፋስ ጠፋ። ከላይ የተኛ ሞቃት አየር ከታች ያለውን ቀዝቃዛ አየር እንዳይወጣ አፍኖ ያዘው። ከቤት ማሞቂያና ከኃይል ማመንጫ የሚወጣው የድንጋይ ከሰል ጭስ መሄጃ አጥቶ ከተማው ላይ ተከማቸ። ሰው እግሩን እንኳ ማየት የተሳነው ሰፈር ነበር። በዚያን ጊዜ የሟቾቹ ቁጥር 4,000 ገደማ ተብሎ ነበር፤ በኋላ የተደረገ ጥናት እስከ 12,000 ሊደርስ እንደሚችል ገምቷል። በ1956 የንጹሕ አየር ሕግ ወጣ።

ሕጉ የሠፈሩን ጭስ ቀነሰ። ከዚያ በኋላ በተተከሉት የኃይል ማመንጫዎች ላይ ግን ረጃጅም የጭስ ማውጫዎች ቆሙ። የከተማው አየር ተሻሻለ። ከከሰሉ የሚወጣው ሰልፈር ዳይኦክሳይድ ግን አልቀረም፤ ነፋስ ተሸክሞት ባሕር ተሻገረ፣ ከደመና ውሃ ጋር ተዋህዶ አሲድ ሆነና ስካንዲኔቪያ ላይ ዘነበ። በስዊድንና በኖርዌይ ሐይቆች ዓሣ አለቀ። ጎረቤት አገሮች ስለዚህ ጉዳይ በ1979 ጄኔቫ ላይ ስምምነት እስኪፈራረሙ ድረስ ብዙ ጉዳት ደርሶ ነበር። ከብክለት ታሪክ ሁሉ ይህ ለእኔ ዋነኛው ትምህርት ሰጪ ነው፤ የሰፈሩን ሰው ያሳረፈው ማውጫ የሌላውን ሰው ሐይቅ ገደለ።

ችግሩን የቀረፈው ሰልፈር አነስ ያለበትን ነዳጅ መጠቀምና ጋዙን ከመውጣቱ በፊት መያዝ ነው። ጭሱ የኖራ ድንጋይ በተበጠበጠበት ውሃ ውስጥ እንዲያልፍ ይደረጋል፤ ሰልፈሩ ከኖራው ጋር ይዋሃድና ጂፕሰም ይሆናል። ጂፕሰሙ ለግንባታ ይውላል። እዚህ ላይ «ከዚያስ የት ይሄዳል?» ለሚለው ጥያቄ ደኅና መልስ አለ።

ወንዝ ራሱን ያጸዳ የለም እንዴ?

ያጸዳል፤ ግን በልኩ። ሰገራ፣ የምግብ ትርፍራፊና የመሳሰለው ውሃ ውስጥ ሲገባ ባክቴሪያዎች ይበሉታል። ሲበሉ በውሃው ውስጥ ያለውን ኦክስጅን ይጠቀማሉ። ፍሳሹ ጥቂት ከሆነ ወንዙ ከአየር ኦክስጅን እየሳበ ይተካል። ሲበዛ ግን መተካቱ ከመጥፋቱ ጋር አይሄድም፤ ኦክስጅኑ ያልቃል፣ ዓሣው ታፍኖ ይሞታል፣ ያለ ኦክስጅን የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ይረከቡና ውሃው መግማት ይጀምራል።

ማዳበሪያና የሳሙና ፎስፌት ደግሞ በሌላ መንገድ እዚያው ያደርሳሉ። ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ማሳ ላይ ሰብል ያሳድጋሉ፤ ሐይቅ ላይ ደግሞ አልጌ የተባለውን ዕፅዋት መሰል አረንጓዴ ፍጥረት ያሳድጋሉ። አልጌው ውሃውን ሸፍኖ ብርሃን ይከለክላል፣ ሲሞት ወደ ታች ይሰጥምና ይበሰብሳል፣ መበስበሱም ኦክስጅኑን ይጨርሳል። በሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ በየዓመቱ በሞቃቱ ወራት የሚፈጠረው ሕይወት አልባ የውሃ ክፍል መነሻው በሚሲሲፒ ወንዝ ታጥቦ የሚመጣው ማዳበሪያ ነው።

መልካሙ ነገር እንዲህ ዓይነቱ ጉዳት ሊመለስ መቻሉ ነው። ለንደንን የሚያቋርጠው የቴምዝ ወንዝ በ1957 ሕይወት አልባ ተብሎ ነበር። የፍሳሽ ማጣሪያዎቹ ከታደሱና ጥሬ ፍሳሽ መልቀቅ ከቀነሰ በኋላ ዓሣው ተመለሰ፤ ዛሬ ከ100 በላይ የዓሣ ዝርያዎች ተመዝግበውበታል። የፍሳሽ ማጣሪያ ጣቢያ የሚሠራውም ወንዙ የሚሠራውን ነው። መጀመሪያ በወንፊት ጨርቁንና ፕላስቲኩን ያስቀራል፣ ከዚያ ከባዱ እንዲዘቅጥ ያደርጋል፣ ከዚያ አየር እየነፋ ባክቴሪያዎቹ የተሟሟውን እንዲበሉ ያደርጋል። የሚቀረው ዝቃጭ ነው፤ እሱን የሚያስወግድበትን ሳያስብ ጣቢያ የሚገነባ ከተማ ችግሩን ከውሃ ወደ አፈር አዛወረ እንጂ አልፈታም።

የማይበሰብሰውስ?

ባክቴሪያ ሰገራን ይበላል፤ ሜርኩሪን፣ እርሳስንና ካድሚየምን ግን አፍርሶ ሊያጠፋቸው አይችልም። ንጥረ ነገሮች በመሆናቸው የሚፈርሱበት የላቸውም። ሚናማታ በተባለችው የጃፓን የባሕር ዳር ከተማ የሆነው ይህን በግልጽ ያሳያል። አንድ የኬሚካል ፋብሪካ ሜርኩሪ ያለበትን ፍሳሽ ለአሥርተ ዓመታት ወደ ባሕሩ ይለቅ ነበር። ድመቶች ይንቀጠቀጡና እየተንፈራፈሩ ይሞቱ ጀመር። በ1956 ያልታወቀ የነርቭ በሽታ ሰዎች ላይ እንደታየ በይፋ ተመዘገበ። እጅና እግራቸው የደነዘዘ፣ ማየትና መናገር የተሳናቸው ነበሩ። ራሳቸው ጤነኛ ከሚመስሉ እናቶች የተወለዱ ሕፃናትም አእምሯቸው ተጎድቶ ተገኘ። ፍሳሹ የቆመው በ1968 ነው፤ በሽታው በይፋ ከታወቀ ከ12 ዓመት በኋላ።

ሕዝቡ የጠጣው የባሕሩን ውሃ አልነበረም፤ የበላው ዓሣ ነው። በውሃው ውስጥ ያለው የሜርኩሪ መጠን እጅግ ጥቂት ነበር። ነገሩ እንደ ውርስ ዕዳ ነው፤ ጥቃቅኖቹ የውሃ ፍጥረታት እያንዳንዳቸው ትንሽ ይበደራሉ፣ ትንሹ ዓሣ ብዙዎቹን ሲበላ የሁሉንም ዕዳ ይወርሳል፣ ትልቁ ዓሣ ደግሞ የትንንሾቹን ሁሉ፣ በመጨረሻ ከገበታ የሚቀመጠው ሰው የተጠራቀመውን በሙሉ ይከፍላል። ዲዲቲ የተባለው ፀረ ተባይም በዚሁ መንገድ ተጠራቅሞ የንስርን የእንቁላል ቅርፊት ስስ አድርጎት ነበር። ስለዚህ «በብዙ ውሃ ይበጠበጥና ይሳሳል» የሚለው ሐሳብ ለእንዲህ ዓይነት በካይ ፈጽሞ አይሠራም። በእነዚህ ነገሮች ላይ የሚያዋጣው እንዳይለቀቁ ማድረግ ነው። ሜርኩሪን የሚቆጣጠረው ዓለም አቀፍ ስምምነት በ2013 ሲፈረም በከተማዋ ስም መጠራቱ ተገቢ ነው።

አፈር ውስጥ የገባ በካይም አካሄዱ ቀስ ያለ ነው። ዝናብ እያሰረገው ወደ ከርሰ ምድር ውሃ ሲደርስ አሥርተ ዓመታት ሊፈጅ ይችላል፤ ከደረሰ በኋላ ማውጣቱም እንደዚያው ይዘገያል።

ፕላስቲክ ለምን ይህን ያህል አስቸገረ?

ርካሽ፣ ቀላልና የማይበሰብስ መሆኑ ነው ጥቅሙ፤ ጉዳቱም ያው ነው። እስከ 2015 ድረስ ከተጣለው የዓለም ፕላስቲክ ውስጥ እንደገና ተሠርቶ ጥቅም ላይ የዋለው 9 ከመቶ ያህሉ ብቻ እንደሆነ ተሰልቷል፤ 12 ከመቶው ተቃጥሏል፣ የቀረው 79 ከመቶ በቆሻሻ ማከማቻ ወይም በየሜዳውና በየባሕሩ ነው ያለው። ፀሐይና ማዕበል ይሰባብሩታል እንጂ አያበሰብሱትም። ከ5 ሚሊሜትር ያነሰው ስብርባሪ ማይክሮ ፕላስቲክ ይባላል፤ በጥልቅ ባሕር፣ በተራራ በረዶና በሰው ደም ውስጥ ሳይቀር ተገኝቷል። በሰው ጤና ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ገና በጥናት ላይ ነው።

ሰብስቦ እንደገና መሥራት ጥሩ ነው፤ ብቻውን ግን እንደማይበቃ በግልጽ መናገር ያስፈልጋል። ፕላስቲክ አንድ ዓይነት አይደለም፤ ዓይነቶቹ አብረው አይቀልጡም፣ ቀለምና ልዩ ልዩ ኬሚካል ተጨምሮባቸዋል፣ ስስ ፌስታልና ብዙ ድርብ ያለው ማሸጊያ ለመለየት ከሚወጣበት ድካም ያነሰ ዋጋ አለው። ጓሮ ውስጥ ማቃጠሉ ደግሞ የባሰ ነው። በተለይ ክሎሪን ያለበት ፕላስቲክ በዝቅተኛ ሙቀት ሲቃጠል ዳይኦክሲን የተባሉ፣ ለካንሰር የሚያጋልጡና በሰውነት ስብ ውስጥ ለዓመታት የሚቆዩ መርዞችን ይፈጥራል። የሚታየውን ቆሻሻ ወደማይታይ መርዝ መቀየር ነው።

በዓለም ደረጃ የተሳካ ነገር አለ?

አለ፤ ሁለቱን በዝርዝር ማየት ይገባል። አንደኛው የእርሳስ ቤንዚን ነው። ከ1920ዎቹ ጀምሮ ሞተር እንዳይንኳኳ እርሳስ ያለበት ኬሚካል ከቤንዚን ጋር ይደባለቅ ነበር። መርዝነቱ ገና ከጅምሩ ይታወቅ ነበር፤ ኬሚካሉን የሚያመርቱ ሠራተኞች በ1924 ሞተዋል። ክሌር ፓተርሰን የተባለው አሜሪካዊ ሳይንቲስት የምድርን ዕድሜ ለማስላት በድንጋይ ውስጥ ያለውን እርሳስ ሲለካ ቤተ ሙከራው በእርሳስ ብናኝ የተበከለ ሆኖ አገኘው። ምንጩን ሲከታተል ከውቅያኖስና ከዋልታ በረዶ ደረሰ፤ ዓለም ሁሉ ከቤንዚን በወጣ እርሳስ ተሸፍና ነበር። እርሳስ የሕፃናትን አእምሮ ይጎዳል፤ ጉዳት የለውም የሚባል መጠን አልተገኘለትም። ፓተርሰን ለዓመታት ከኢንዱስትሪው ጋር ተሟግቷል።

ለውጡን ያፋጠነው ደግሞ ሌላ ሕግ ነው። በ1970ዎቹ አሜሪካ ውስጥ መኪኖች ጭሱን የሚያጣራ ካታሊቲክ ኮንቨርተር እንዲገጠምላቸው ተደረገ፤ እርሳስ ያንን መሣሪያ ስለሚያበላሸው ነዳጁ መለወጥ ነበረበት። ከዚያ ወዲህ በአሜሪካ ሕፃናት ደም ውስጥ ያለው የእርሳስ መጠን ከ90 ከመቶ በላይ ወርዷል። የመጨረሻዋ አገር አልጄሪያ በ2021 የእርሳስ ቤንዚን መሸጥ አቆመች።

ሁለተኛው የኦዞን ሽፋን ነው። ለማቀዝቀዣና ለሚነፋ ሽቶ ይውሉ የነበሩት ክሎሮፍሎሮካርቦኖች መሬት ላይ ምንም የማይጎዱ ስለነበሩ ተመስግነው ነበር። ሞሊናና ሮውላንድ የተባሉ ሳይንቲስቶች በ1974 ያነሱት ጥያቄ ግን ያው የእኛ ጥያቄ ነበር፤ ከዚያስ የት ይሄዳሉ? መልሱ ወደ ላይ ነበር። እዚያ ጨረር ሲሰብራቸው የሚወጣው አንድ የክሎሪን አቶም በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ የኦዞን ሞለኪውሎችን ያፈርሳል። በ1985 ከአንታርክቲካ በላይ ሽፋኑ እጅግ መሳሳቱ ታወቀ፤ በ1987 የሞንትሪያል ስምምነት ተፈረመ። በስምምነቱ ከተያዙት ኦዞን አፍራሽ ኬሚካሎች ወደ 99 ከመቶው ከጥቅም ወጥተዋል። በተባበሩት መንግሥታት ግምገማ መሠረት ሽፋኑ በአብዛኛው ዓለም እስከ 2040፣ በአንታርክቲካ ደግሞ እስከ 2066 ገደማ ያገግማል። በምትካቸው የመጡት አንዳንድ ጋዞች ምድርን የሚያሞቁ ሆነው ስለተገኙ በ2016 ኪጋሊ ላይ ሌላ ማሻሻያ ተጨመረ። ምትክ ነገርም መጠየቅ አለበት።

በሁለቱም ድል በካዩ ከምንጩ ቆመ። አንድም ሰው ሰማይ ላይ ወጥቶ ክሎሪን አልለቀመም፣ ከአየር ላይ እርሳስም አልጠረገም።

ታዲያ የትኛው መንገድ ይቅደም?

ባለሙያዎች ደረጃ ያወጡለታል። በካዩን መጀመሪያውኑ አለመፍጠር ይቀድማል፤ ካልተቻለ መቀነስ፣ ካልተቻለ መልሶ መጠቀም፣ ካልተቻለ ከመውጣቱ በፊት መያዝና ማከም፣ በመጨረሻ ደግሞ የተበተነውን ማጽዳት። ወደ ታች በወረድን ቁጥር ወጪው ይንራል፣ የሚገኘው ውጤት ይቀንሳል። የበጎ ፈቃድ የባሕር ዳር ጽዳት የሚመሰገን ሥራ ነው፤ ሆኖም ከደረጃው ግርጌ ያለ ሥራ ነው።

እዚያ ደረጃ ላይ ለመውጣት የሚያስገድደው ብዙውን ጊዜ ሕግና ዋጋ ነው። ፋብሪካ ፍሳሹን በነፃ ከለቀቀ ወጪው አልቀረም፤ የታችኛው ተፋሰስ ሰው በሕክምናና በጠፋ ዓሣ ይከፍለዋል። ይህን ለማቃናት የተቀመጠው መርህ «በካዩ ይክፈል» ይባላል፤ በካይ እዚህ ላይ ብክለቱን ያደረሰው ሰው ወይም ድርጅት ነው። መርሁ በ1992 በሪዮ ጉባኤ መግለጫ ውስጥም ገብቷል። ዋጋ እንዴት ልማድ እንደሚለውጥ አየርላንድ አሳይታለች፤ በ2002 በፌስታል ላይ አነስተኛ ግብር ስትጥል አጠቃቀሙ ወደ 90 ከመቶ ቀነሰ። ሕግ ግን ያለ መለኪያ ወረቀት ብቻ ነው። የሚለካ መሣሪያ፣ ሳያሳውቅ የሚመጣ ተቆጣጣሪና ለሕዝብ የሚገለጥ ውጤት ከሌለ የትኛውም ገደብ አይከበርም።

የበካዩ ዕድሜም ይወስናል። ጥቀርሻና ደቃቅ ብናኝ አየር ላይ የሚቆዩት ከቀናት እስከ ሳምንታት ነው፤ ምንጩ ሲቆም አየሩ በቶሎ ይጠራል። ከነዳጅ ቃጠሎ የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ግን ከፊሉ ለመቶዎች ዓመታት ይቆያል፤ ዛሬ ቢቆም እንኳ የተጠራቀመው ምድርን እንደሞቀች ያቆያታል። ሁለቱ አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ እሳት ስለሚወጡ ግን ያንን እሳት በንጹሕ ኃይል መተካት የሁለቱንም ምንጭ ይነካል።

አንድ ሰው ምን ሊያደርግ ይችላል?

ትልቁ ሸክም በአምራቾችና በመንግሥታት ላይ መሆኑ ሳይዘነጋ፣ በእጃችን ካሉት ውስጥ ጥቂቶቹ ከሌሎቹ እጅግ ይበልጣሉ። ቆሻሻን፣ በተለይ ፕላስቲክን፣ አለማቃጠል። ያገለገለ የሞተር ዘይትን፣ ባትሪንና ጊዜው ያለፈበትን መድኃኒት ወደ ፍሳሽ ቱቦ ወይም ወደ አፈር አለመልቀቅ፤ የተለመደው የፍሳሽ ማጣሪያ እነዚህን ለመያዝ አልተሠራም። ቤት ውስጥ በጭስ የሚያበስል ሰው ጭሱ የሚወጣበት ማበጀት፣ አቅም ሲፈቅድ ደግሞ ነዳጁን መቀየር፣ ሕፃናትን ከምድጃው ማራቅ።

ሌላው መጠየቅ ነው። አዲስ ፋብሪካ፣ አዲስ ማጣሪያ ወይም አዲስ የቆሻሻ ማከማቻ ሊሠራ ሲታቀድ ነዋሪው መልስ ሊያገኝባቸው የሚገቡ ነገሮች አሉ። ምን ይለቃል? በምን ያህል መጠን? ማን ይለካዋል፣ ውጤቱስ የት ይለጠፋል? የተያዘው ዝቃጭና አመድ በመጨረሻ የሚቀመጠው የት ነው? ከሥሩ ያለው የከርሰ ምድር ውሃ የሚጠጣው ማን ነው? እነዚህ ግንባታው ከመጀመሩ በፊት ሲጠየቁ ንድፍ ያስቀይራሉ፤ ከተገነባ በኋላ ሲጠየቁ ግን ለካሳ ክርክር ብቻ ይውላሉ።